ሁለት በግ ታርዶ ሽሮ የተበላበት ክርስትና

እትዬ ሸዋርካብሽ ዓይናቸው መድከሙን ለማንም አልተናገሩም። ለልጃቸው ለቦጋለ አልተናገሩም፣ ለልጅ ልጃቸው ለእድላዊት አልተናገሩም፣ ግድግዳ ተጋርተው ሠላሳ ዓመት ለኖሩት ለእትዬ ጠሂራ እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ማለዳ ተክለ ሃይማኖት ይሳለማሉ፣ ጠበሉን ዓይናቸው ላይ ያስረጫሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው «እርሱ ያውቃል» እያሉ ይመለሳሉ። እርሱ ማወቁ መልካም ነው። ችግሩ ሌላ ሰው እንዳያውቅ ማድረጉ ላይ ነበር።

ለዚያ ደግሞ ብልሃት አላነሳቸውም። የመርካቶውን ግቢያቸውን በእግራቸው ያውቁታል፣ ሰዉን በድምፁና በኮቴው። ድምፁን ያላሰማ ሰው ከገጠማቸው «እንደምን ዋልክ የኔ ጌታ» ይላሉ፤ የኔ ጌታ ሴት ሆና ከተገኘች «አይ እርጅና» ብለው ያልፏታል። አንድ ቀን ሲኒማ ራስ አጠገብ ተሸካሚ አቁሞት የሄደውን የተጠቀለለ ፍራሽ «ምነው ጠፋህ፣ ቤተሰብ ደህና?» ብለው እስኪመልስላቸው ቆመው እንደጠበቁት ሰፈሩ ዛሬም ያወራል። ፀሐይ መትታኝ ነው አሉ፤ ፀሐይዋ ግን ያን ዕለት አልወጣችም ነበር። ውዳሴ ማርያማቸውን ይዘው ሲቀመጡ ገጹን በየጊዜው ይገልጣሉ፤ በቃላቸው ስለሚወጡት ማን ይጠረጥራል? መጽሐፉን ዘቅዝቀው መያዛቸውን ያየች እድላዊት ብቻ ናት፤ እሷም ያኔ አራስ ስለነበረች እንቅልፍ እጦት መስሏት ዝም አለች።

የሚፈሩት ዓይነ ስውርነቱን እንኳ አልነበረም። የሚፈሩት ኮዬ ፈጬን ነው። ቦጋለ ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደርሶት አራተኛ ፎቅ ይኖራል። አምና አንዲት የሰፈሩ ባልቴት ጋሪ ገጭቷቸው ከተኙ ወዲህ ሰውየው ምሏል። ዓይንሽ ትንሽ እንኳ ደከመ የተባለ ዕለት እዚህ ጋሪና ተሸካሚ መሀል አታድሪም፣ ጠቅልዬ ነው የምወስድሽ ብሏቸዋል። እትዬ ሸዋርካብሽ እዚያ ቤት አንድ ፋሲካ ውለው አይተውታል። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለት ታክሲ ነው፤ ከፎቁ ቁልቁል ቢጣሩ የሚያውቃቸው የለም። ቦጋለ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ትከታተያለሽ ሲላቸው፣ «ቁርባኑንስ በምን ልታቀብለኝ ነው?» ብለው ጠየቁት። መሐላው ግን እንዳለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ተሸፋፍኖ እያለ የእድላዊት ልጅ ክርስትና ደረሰ። እድላዊት የቦጋለ ልጅ ትሁን እንጂ ያደገችው አያቷ ጋ ነው፤ ስትወልድም «ፎቅ ላይ ማን ገንፎ ያገነፋልኛል» ብላ ባሏን አስከትላ መርካቶ ገባች። ድግሱም እዚያው ግቢ ሆነ። ወሩ ሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ያልገባበት፣ ሥጋ የሚበላበት ጠባብ ሰሞን ነው። የደብሩ ካህናት ሕፃኑን አጠመቁት፤ ሕፃኑም ክርስቲያን መሆኑን ተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ላለው ሕዝብ ሁሉ በጩኸት አስታወቀ።

ለድግሱ ሁለት በግ ታረደ። ሁለት የሆነው ከጥጋብ አይደለም። አንዱን በስመ አብ ብሎ የባረከው ክርስቲያን ነው፤ ሌላውን ቢስሚላህ ብሎ ያረደው የእትዬ ጠሂራ ልጅ ነው። ሁለቱ ሥጋ አይቀላቀልም፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው አይበላም፤ ይህ የታወቀ ነው። በዚያ ግቢ ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ አረፋም ሆነ ገና፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ሁለት ጭልፋ ይቀርባል። የክርስቲያኑን ድስት እትዬ ሸዋርካብሽ፣ የእስላሙን እትዬ ጠሂራ ይጠብቃሉ። ሌላ እጅ አይነካውም። በዚህ በዚህ ሁለቱ ሴቶች ከጉምሩክ ይብሳሉ። ድስቶቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የእትዬ ጠሂራ ክዳን አረንጓዴ፣ የእትዬ ሸዋርካብሽ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቦታቸውም አይቀየርም፤ አረንጓዴው በቧንቧው በኩል፣ ቀዩ በበሩ በኩል። እትዬ ሸዋርካብሽ ቀለሙን ካዩት ሰንብተዋል፤ ለእሳቸው ሁለቱም ክዳን አመድ ነው። ቦታውን ይዘው ግን ጥምቀትን ተወጥተዋል፣ ፋሲካን ተወጥተዋል።

የዙሁር ሰላት ሲደርስ እትዬ ጠሂራ እጃቸውን ታጠቡና «ሸዋዬ፣ ሰግጄ እስክመለስ የኔንም እይልኝ» ብለው ገቡ። «ግቢ ግቢ፣ አለሁ» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። ምን ይበሉ ታዲያ?

እትዬ ጠሂራ ከመግባታቸው ዝናቡ ወረደ። ድንኳኑ በቧንቧው በኩል ያፈስ ጀመር። የእድላዊት ባልና ሁለት ጓደኞቹ ድስት ውስጥ ውኃ ገባ ብለው ተሯሩጠው፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ ተሸክመው ወደ በረንዳው አሸሹ። እትዬ ሸዋርካብሽ ጥላ ሲተላለፍ አዩ፣ የድስት ጆሮ ሲንኳኳ ሰሙ። የቱ የት እንደተቀመጠ ግን አላወቁም። መጠየቅ ይቻል ነበር። «ልጆች፣ አረንጓዴው የቱ ነው?» ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን ቦጋለ እዚያው አጠገባቸው ወንበር ይደረድራል፤ ዓይን ያለው ሰው አረንጓዴ የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል? እንደነበረ ነው የሚያስቀምጡት ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

እትዬ ጠሂራ ከሰላታቸው ቢነሱም ቶሎ አልወጡም። ጣራቸው አልጋቸው ላይ እያንጠባጠበ ስለነበር ፍራሽ ማሸሽ ያዙ። በዚህ መሀል ባላቸው ጋሼ ኢስሀቅ ከአንዋር መስጊድ ሰግደው፣ የሱቅ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ሞሉ። እድላዊት ልጇን እያባበለች፣ እማማ፣ ጠሂራ እስኪመጡ የጋሼ ኢስሀቅን አንቺው አውጪላቸው አለቻቸው።

እትዬ ሸዋርካብሽ የእትዬ ጠሂራን ጭልፋ በእጃቸው ለዩ፤ እጀታው የተሰነጠቀ ነው። በቧንቧው በኩል ያለውን ድስት ከፍተው በችኮላ፣ ጎንበስ ሳይሉ በዚያ ጭልፋ አወጡ፣ ትሪው ሄደ። አሁን ደግሞ ለነፍስ አባታቸው ለመምሬ ሰብሐት ጠረጴዛ ሊያወጡ የራሳቸውን ጭልፋ ያዙና በበሩ በኩል ያለውን ድስት ከፈቱ። ጭልፋው ጠለቅ እንዳለ እንፋሎቱ ፊታቸውን መታቸው፤ እጃቸው ቆመ።

ሴትዮዋ ለብዙ ዘመን ቅመም ነጋዴ ነበሩ። ከዚያ ድስት የወጣው ኮረሪማ የእሳቸው ኮረሪማ አይደለም። ደፈር ያለ፣ ጥቁር አዝሙድ የበዛበት፣ ሠላሳ ዓመት በግድግዳ ሲገባላቸው የኖረ የጠሂራ ወጥ ነው። እንግዲያ ለነ ጋሼ ኢስሀቅ የሄደው?

ከድንኳኑ የእጅ ውኃ ሲፈስ ይሰማል፤ አስታጣቢው ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈ ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ ጭልፋውን እንደያዙ ቆሙ። ማንም አላየም። ወጥ ነው፣ ቀይ ነው፣ ሥጋ ነው፤ በልተው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይነሳሉ። የሚታመም የለም። ቢናገሩ ግን ማን አወጣው ይባላል፤ እንዴት ተሳሳቱ ይባላል፤ ቦጋለ እዚያ ቆሟል። አራተኛው ፎቅ ከነደረጃው ዓይናቸው ላይ መጣ። ያ ዓይን ሌላውን ሁሉ ሲነሳቸው ደረጃውን አልነሳቸውም።

ከዚያ ደግሞ አንድ የጽጌ ጾም ትዝ አላቸው። ታመው ተኝተው እትዬ ጠሂራ የጾም ምስር ወጥ ሠርተውላቸው ነበር። ቅቤ የነካ ማንኪያ የገባበት መስሏቸው ሙሉውን ድስት ደፍተው እንደገና ሠሩ። ያውም ሽንኩርት በተወደደበት ሰሞን። እኔ እንደሆን አላየሁሽ፣ ዝም ብትዪስ ቢሏቸው፣ እትዬ ጠሂራ ሽንኩርታቸውን እየከተፉ በአገጫቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

እትዬ ሸዋርካብሽ ጭልፋውን እዚያው ድስቱ ውስጥ ጣሉት። ወደ ድንኳኑ ሲሮጡ አግዳሚ ወንበር ጉልበታቸውን መታቸው፤ አልቆሙም። ወደ ድምፁ ሄደው ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ጋሼ ኢስሀቅ፣ እንዳይቀምሱ። ከእኛው ድስት ነው የወጣው።»

ጋሼ ኢስሀቅ ጠቅልለው አፋቸው ጋ ያደረሱትን እንጀራ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ። አብረዋቸው የተቀመጡትም ሁሉ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ።

«ማነው ያወጣው?» አለ ቦጋለ።

«እኔ።»

«እንዴት ነው አንቺ? አረንጓዴ ክዳን ፊትሽ ተገትሮ?»

«አረንጓዴ አላይም፣ ቦጌ። ቀይም አላይም። የአንተንም ፊት ካየሁት ቆይቻለሁ።»

ለመቆጣት ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኝ እጁን የሚያስቀምጥበት ያጣል፤ ቦጋለም የያዘውን ወንበር ዘርግቶ፣ አጥፎ፣ እንደገና ዘረጋው።

እትዬ ጠሂራ ጫጫታው ሲቆም ነው የወጡት። በድግስ ቀን ዝምታ ከጩኸት ይልቅ ያስደነግጣል። ድስቶቹን አዩ፣ ጭልፋዎቹን አዩ። የእሳቸው ጭልፋ ቀዩ ክዳን ጋ፣ የክርስቲያኑ ጭልፋ የእሳቸው ድስት ውስጥ። ሁለቱም ድስት ተበላሸ ማለት ነው። ሁለቱንም ከደኑና መጥተው ከጓደኛቸው ጎን ተቀመጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአምና ፍልሰታ ወዲህ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ሂና ስቀባ አማረብሽ የምትዪኝ?»

«ሽታው ጥሩ ነበር።»

እትዬ ጠሂራ ሊቆጡ ጀምረው ሳቅ አመለጣቸው፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ተቆጡ። ወጡ አላናደዳቸውም፤ ወጥ ይሠራል። ያናደዳቸው ግድግዳ ሰሚ ሆኖ ሳለ እሳቸው አለመስማታቸው ነው። ለኔ ሳትነግሪ ለማን ልትነግሪ ነበር አሉ፤ ለተክልዬ ነግሬያለሁ ሲሏቸው፣ «እሳቸው ድስት አይጠብቁልሽም» አሉና ተነስተው ሽሮ ሊያስጥዱ ሄዱ።

የዚያን ቀን እንግዲህ ሁለት በግ ታርዶ ሽሮ ተበላ። ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስርና ድፎ ዳቦ። ለካህናቱም፣ ለነ ጋሼ ኢስሀቅም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ድስት ወጣላቸው፤ ጋሼ ኢስሀቅ ጠረጴዛዎቹን አስገጥመው፣ ሽሮ ሃይማኖት ስለማይለይ እኛም አንለይ አሉ። ስለ ሁለቱ ድስት ሥጋ የተጠየቀ ሁሉ አላውቅም ይላል። ወደ ማታ ግን ሁለት ሦስት ጎረምሶች ከንፈራቸው ወዝቶ ከጓሮ ሲወጡ ታይተዋል፤ የየትኛው ሃይማኖት ልጆች እንደሆኑ ባይነሳ ይሻላል።

ሽሮው ካለቀ በኋላ ቦጋለ መሐላውን አነሳ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቱ እግር አጠገብ ተቀምጦ፣ ዕቃሽን ነገ እንጠቅልል አላቸው። እትዬ ሸዋርካብሽ ጠበሉ ያድነኛል፣ ታገሰኝ አሉት። እዚህ ላይ መምሬ ሰብሐት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠበሉን ማን ከለከለዎት? የዓይን ሞራ ግን በሐኪም ይገፈፋል። እኔ ራሴ አምና ተሠርቼ አይደለም እንዴ መነጽሬን የጣልኩት?»

«መነጽርዎን ጣሉ?»

«ዓመት ሊሆነኝ ነው እኮ፤ አላዩም?»

«በምን ዓይኔ፣ አባቴ?»

ሰው ሳቀ፤ ቦጋለም ሳይወድ ሳቀ። እትዬ ሸዋርካብሽ ግን የልጃቸውን ሳቅ እንደሰሙ ጆሯቸው ቆመ። የመርካቶ ነጋዴ ገዢ ፈገግ ያለባትን ቅጽበት ያውቃል። ያኔ ነው ድርድሩ የሚከፈተው።

የተከፈተውም እንዲያ ነው። ቦጋለ ሁለቱንም ዓይንሽን ትሠሪያለሽ፣ እኔ ቤት ሆነሽ ታገግሚያለሽ፣ ከዚያ ወዲያም አትመለሺም አለ። እሳቸው አንድ ዓይን፣ ማገገሚያውም እዚሁ ጠሂራ ጋ አሉ። ቦጋለ እስከ መስቀል እኔ ጋ አለ። እሳቸው ሦስት ቀን አሉ፤ በሦስት ቀን ጌታም ተነስቷል። ቦጋለ ተነስቶ የሚሄድ መሰለ፤ መለዋወጫ ሲሸጥ እንደለመደው ደንበኛ ይጠራኛል ብሎ ነው። እናቱ አልጠሩትም። ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ። ጋሼ ኢስሀቅ እንደ ደላላ መሀል ገብተው አንዴ የእሱን እጅ፣ አንዴ የእሳቸውን እጅ እየያዙ፣ ጨምሩ፣ ቀንሱ ሲሉ ቆዩ። በመጨረሻ ተዘጋ። አንድ ዓይን ይሠራል፤ ኮዬ ፈጬ ሁለት ሳምንት ይቀመጣሉ፤ ለፍልሰታ ዋዜማ ይመለሳሉ። ተመልሰው ከግቢው በር ላይ ቆመው የእትዬ ጠሂራ የልብስ ገመድ ላይ የተሰጣውን ከነቀለሙ ከለዩ መርካቶ ይኖራሉ። ካልለዩ ያለ አንድ ቃል ይጠቀለላሉ።

«እውነቴን ነው፣ ካላየሁ እሄዳለሁ» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። እጅ ተመታ፤ መምሬ ሰብሐት አሜን አሉበት።

ሕክምናው ያን ያህል ከባድ አልነበረም። የባሰው ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት ነው፤ እትዬ ሸዋርካብሽ ውዳሴውን ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን አንድ ላይ ደገሙት። በሕክምናው ማግሥት ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ በሥጋት፣ ልጄ፣ ፀጉርሽ ቀይ የሆነብኝ የኔ ዓይን ነው ወይስ አሏት። ተቀብቼው ነው እማማ ብላ ሳቀች። «ተመስገን» አሉ፤ ለፀጉሯ ግን አይደለም።

ሁለቱን ሳምንት እንደ ቃላቸው ተቀመጡ። ቦጋለ ቤት ውስጥ መልካም ነገር አላጡም፤ ማታ ማታ ደግሞ መጥቶ ጠብታውን በገዛ እጁ ሲያደርግላቸው፣ ፊቱን ከቅርብ ያዩታል። ሸብቷል። መቼ ሸበተ? ወንድ ልጅ ሸብቶ እናቱ ሳታይ መኖሯን ሲያስቡት እጃቸውን ሽበቱ ላይ አኖሩ፤ ለዚህ ለዚህ ቢሆን ከዚህም በላይ ቢቀመጡ ግድ አልነበራቸውም። ይህን ግን አልነገሩትም፤ ድርድር ይበላሻል።

ለፍልሰታ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ታክሲው ግቢው በር ላይ አወረዳቸው። ጋሼ ኢስሀቅ ምስክር ሆነው ቆመዋል፣ እድላዊት ልጇን ታቅፋ ወጥታለች። ቦጋለ የእናቱን ክንድ ይዞ ገመዱን በአገጩ አሳያቸው። ማሸነፍ ይፈልግ ወይስ መሸነፍ እሱም እርግጠኛ አልነበረም።

እትዬ ሸዋርካብሽ አንዱን ዓይናቸውን ጨፈን፣ አንዱን አጥበብ አደረጉ።

«ሦስት ሻሽ ነው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ድሮ ነጭ የነበረ።»

«ድሮ ነጭ የነበረ?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ እትዬ ጠሂራ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ብቅ አሉ።

እትዬ ሸዋርካብሽ ገመዱን ትተው እሳቸውን አዩ። ቀረብ ብለው እንደገና አዩ። ከቅንድባቸው እስከ አገጫቸው ቀስ እያሉ አዩዋቸው።

«ጠሂራ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንቺ ሳታዪኝ ነዋ። ማን ይጠብቀኝ?»

ተቃቀፉ። ጋሼ ኢስሀቅ ወደ ቦጋለ ዞረው፣ በል እንግዲህ ውል ውል ነው አሉት። ቦጋለ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ እናቱ ቤት አስገባ፤ እንደተሸነፈ ነጋዴ አልነበረም አካሄዱ።

ሰላሙ የቆየው ግን በሩን እስኪያልፉ ነው። እትዬ ሸዋርካብሽ ገብተው ቤታቸውን አዩት። ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ፣ ከሥዕለ አድኅኖው ጀርባ የሸረሪት ድር። የእድላዊት ቅንድብ ከግማሹ በላይ ተላጭቶ በእርሳስ ተስሏል። የባሏ ሸሚዝ የመጨረሻ ቁልፉ ወድቋል። አንዱንም አላለፉትም። እድላዊት ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ሸሸች፤ ባሏ ሱቅ ደርሼ ልምጣ አለ። ቦጋለ ጋሼ ኢስሀቅን ጠጋ ብሎ፣ ሁለተኛው ዓይን ትንሽ ቢቆይስ ምን ይመስልዎታል ሲል በሹክሹክታ አማከራቸው።

«ቦጋለ» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ ከቁም ሣጥኑ ሥር። «ፍልሰታ እንደተፈታ ቀጠሮ ያዝልኝ። ሁለት ሳምንቱን አንተ ጋ ነኝ። የዚህኛውን ጊዜ አልከራከርህም።»

ቦጋለ በጣቱ ቀኑን መቁጠር ያዘ። እሳቸው ጨርቅ አርጥበው አቧራውን መጥረግ ጀምረዋል፤ ለነገው የኪዳን ጸሎት በሌሊት ስለሚነሱ ሳይመሽ መጨረስ አለባቸው። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ጠሂራ ያችን ድሮ ነጭ የነበረች ሻሽ እንደገና በሳሙና እያሹ ነበር።